እርጥብ እህል አይፈጭም

ጡረታ የወጣሁት በጥቅምት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ ሸኘኝ። ዳቦው ከአዲስ አበባ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ በመጣ ፉርኖ ዱቄት የተጋገረ ነበር። የአገሬው ሰው እህሉን በሰፈሩ ፈጭቶ ይብላ እያልኩ ዕድሜዬን ከወንዝ ወንዝ ስንከራተት ኖሬ፣ ስንብቴ በመኪና በመጣ ዱቄት ሆነ። ሹሙ ተነሥቶ «የውሃ ወፍጮዎቻችን አባት» ሲለኝ ሰዉ አጨበጨበ። ዳቦዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አልበላሁትም፤ ያልበላሁት ግን ዱቄቱን አኩርፌ አልነበረም።

አባት የተባልኩላቸው ወፍጮዎች ዛሬ አንዳቸውም አይዞሩም። ይሄ አንዱ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ዋንዛ ውሃ ላይ የሆነው ነገር ነው። ዋንዛ ውሃ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ እኩል መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። እዚያ ምን እንዳደረግሁ ከመሥሪያ ቤት ወገን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ሞተ፣ አንዱ አዲስ አበባ ተሾመ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። የጡረታ ወረቀቴ ተፈርሞ እጄ እስኪገባ ድረስ ዝም አልኩ። ምክንያቱን ላሳምረው አልችልም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ነጋዴ የሞተር ወፍጮ ቤት ነው። መጀመሪያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ኋላ ሞተር ማስነሣትና ቀበቶ መቀየር ተማርኩ። ያን ጊዜ ከአንኮበርም ከጣርማ በርም ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ እኛ ዘንድ ይመጣል። በየወንዙ የነበሩት የውሃ ወፍጮዎች በጦርነቱ ዘመን ተቃጥለዋል። ቦዮቻቸው ተደፍነዋል፣ ድንጋዮቻቸው ገደል ገብተዋል። መንደር ውስጥ የቀረው የሴቶችን ወገብ የሚጨርሰው የእጅ ወፍጮ ብቻ ነው። የእኛ ሞተር ዱቄቱን ትኩስ አድርጎ ያወርደዋል፣ ናፍጣ ናፍጣም ይሸታል። አንዲት ባልቴት ዱቄቷን አሽትታ «ልጄ፣ ይሄን ጋግሬ ስበላ መኪና የተሳፈርኩ ይመስለኛል» ብላ አስቃናለች። ቢሆንም በወሩ ተመልሳ መጣች፤ ምን ታድርግ።

ማንበብና መጻፍ ስለምችል፣ ወፍጮም ስለማውቅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ። አለቃዬ አቶ መንገሻ ይባላሉ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ግራጫ ካፖርታቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ኋላ ሌላ ነገር ስለምናገር ይሄንን አስቀድሜ ልበል።

«ተክሌ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ «የአንኮበር ገብስ እዚህ ድረስ ወጥቶ ይፈጫል። ግማሹ እዚሁ ይሸጣል። ገበሬው ባዶ ጆንያና የቆሰለ አህያ ይዞ ይመለሳል። ለምን እህሉ ወፍጮ ፍለጋ ይንከራተታል? ወፍጮው አይሄድለትም?»

ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተው ወንዞቹን በቀይ እርሳስ አሳዩኝ። በየወንዙ አንድ ወፍጮ፣ በየወፍጮው ጎን የኑግና የተልባ ዘይት መጭመቂያ፣ ከዚያ የአንኮበር በሶ በከረጢት ሆኖ ለአዲስ አበባ ሰው ይሸጣል። አመንኳቸው። እውነቴን ነው የምለው፣ ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ መሬት አልረገጥኩም።

ድንጋይ መውቀር እንድማር ጋሽ እንድሪስ ዘንድ አሊዩ አምባ ላኩኝ። ለፈጪ ሰው ትልቁ ሙያ ወቀራ ነው። ድንጋዩ ሲሠራ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ እህል ያሽሞነሙናል እንጂ አይፈጭም። የላይኛውን አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ ከመሀል ወደ ዳር እየጫሩ ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል። ጥልቅ ከሆነ ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል፣ ከሳሳ ዱቄቱ ይቃጠላል። ጋሽ እንድሪስ ከአባቱ የወረሰው ወፍጮ በጦርነት ጠፍቶበት እጁ ላይ የቀረው መውቀሪያው ብቻ ነበር። ግራ ዓይኑ ከድንጋይ በተፈናጠረ ስባሪ ፈሷል። በቀረው አንድ ዓይኑ ግን እኔ በሁለት የማላየውን ያያል።

ኋላ መሥሪያ ቤቱ እሱንም ቀጥሮት አዲሶቹን ወፍጮዎች አብረን ሠራን። ወፍጮ ቤት ጫማ አድርጎ አይገባም፤ እኛንም አያስገባንም። ድንጋዩ ሲዞር ምሰሶው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ዱቄት ሲወርድ በመጀመሪያ የእጁ አንጓ ላይ ያፈሳል፤ ከሞቀው ድንጋዮቹ ተቃቅፈዋል ማለት ነው፣ ሽብልቁን መታ አድርጎ ያላቅቃቸዋል። በአዲስ የተወቀረ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ አንድ ቁና እንክርዳድ ይፈጭና የወጣውን ወንዝ ይደፋዋል። «ለአህያ እንኳ አይሰጥም፣ አሸዋ አለበት፣ አህያስ ጥርስ የለውም እንዴ» ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዱ ግን ጥያቄው ነበር። ሴቲቱ እህሏን ልታፈስ ስትል የወፍጮውን አፍ በእጁ ይጋርድና «ለምን ሊሆን ነው?» ይላታል።

«ለቂጣ።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«ባሌና ልጆቼ፣ ሌላ ማን ይበላዋል!»

«ታጥቧል? መቼ ነው የደረቀው? ተቆልቷል?»

ሴቶቹ ይሥቁበታል። አንዷ «ጋሽ እንድሪስ፣ ወፍጮ ነው የያዝከው ወይስ የንስሐ አባት ሆነሃል?» ስትለው እሱም ሣቀ። «እህል አፍ የለውማ እህቴ፣ እኔ ካልጠየቅኩለት ማን ይጠይቅለት፣ ወላሂ!» አላት። ለቂንጬ ከሆነ ድንጋዩን ያነሣል፣ ለበሶ ከሆነ ያወርዳል፣ ለብቅል ከሆነ ጥቂት ያላላል። እኔ ግን ጥያቄው ሽብልቁን ለማስተካከል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራችን ጣርማ በር አጠገብ የነበረ አነስተኛ ወፍጮ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦዩ ላይ በረዶ ስለሚጋገር በዱላ እየሰበርን ውሃ እንለቃለን። ብረቱ እጅ ላይ ይጣበቃል። ምሳችን በሶ ነበር፣ ከአንድ ቅል። ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ በሶአችን ግን አንድ ነበር። ወፍጮው በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ጋሽ እንድሪስ ለሶላት ወጣ ሲል አንዲት የቄስ ሚስት የተቆላ ገብስ አመጣች። እኔ ሳልጠይቅ ለዳቦ እንደሚፈጨው ሻካራ አድርጌ ሰጠኋት። እሷም አላየችውም፣ ጭና ሄደች። እሱ ተመልሶ ቋቱ ውስጥ የቀረውን ዱቄት በጣቱ አሸና ፊቱ ተለወጠ።

«የማን ነው?»

ነገርኩት።

«ተነሥ። ቤቷ ሂድና ‹አበላሸሁብሽ› በላት። ጆንያውን ተሸክመህ ተመለስ።»

«ጋሼ፣ ዳገቱ እኮ...»

«ዳገቱን አውቀዋለሁ።»

ሄድኩ። ያን ሁሉ ዳገት በውርጭ ወጣሁ። «እሜቴ፣ አበላሸሁብዎት» አልኳት፣ ሴትዮዋም ሣቀችብኝ፣ እንድሞቅም ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችኝ። ስመለስ በሶውን ደግመን አደቀቅነው። ያኔ ለአንድ ጆንያ በሶ ስል እንዲህ ማለት የቻለው አፌ ኋላ ምን እንደነካው እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሴን ችዬ ዋንዛ ውሃ ተመደብኩ። ጋሽ እንድሪስ አርጅቶ አሊዩ አምባ ተቀምጧል። የዋንዛ ውሃ ወፍጮ የላይኛው ድንጋይ ወንዙ ውስጥ ነበር። ከመንደሩ ጎልማሶች መሀል ግዛው የሚባል፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጉልበቱን የማይሰስት ሰው ልብሱን አውልቆ ገባና ገመድ ጠመጠመበት። ከውሃው ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ «አቶ ተክሌ፣ ድንጋዩ አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ከነቤተሰቡ ላውጣው?» አለኝ። አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ጎተትነው። የግዛው እናት እትዬ አስካለ የወለደችው እሱን ብቻ ነው። ባሏ በጦርነቱ ቀርቷል። ወፍጮው በተከፈተ ቀን የመጀመሪያውን እህል ያፈሰሰችው እሷ ነች። ዱቄቱን እፍኝ አድርጋ አየችውና የእጅ ወፍጮዋን «ከዛሬ ጀምሮ የዶሮ ውሃ መጠጫ አደርገዋለሁ» አለች። እልልታው እስካሁን ይሰማኛል።

ወሬው ተዳረሰ። ከማዶም ከቆላውም ሰው ይጎርፍ ጀመር። ወረፋው ሲያጣላ ለየመንደሩ ቀን ደለደልኩ፤ ዋንዛ ውሃ ማክሰኞ፣ ሌላው ሌላ ቀን። ቀኑ ያለፈበት ለሳምንት ይጠብቃል። አቶ መንገሻ ስንት ቁና እንደተፈጨ በየወሩ እንድጽፍ ያዛሉ፣ እኔም ቁጥሩ ከፍ ሲል ደስ ይለኛል። ጥያቄውን ያቆምኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አንድ ቀን ቸኩዬ አለፍኩት፣ በማግሥቱም አለፍኩት፣ ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት።

በአንድ ክረምት ማክሰኞ ቀን እትዬ አስካለ ጓያ ይዛ መጣች። ጓያ ዝናብ ቢጠፋ እንኳ የሚበቅል እህል ነው፤ ድሃ የሚወደው ለዚህ ነው። የዚያ አገር ሴቶች ግን ዝም ብለው አያበሉትም። ይለቅሙታል፣ ይዘፈዝፉታል፣ ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደፉታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ቆልተው ከሌላ እህል ጋር ይደባልቁታል። የእሷ ተዘፍዝፎ ነበር፣ አልደረቀም። ላዩን አይቼ አፈሰስኩት። ወዲያው ድንጋዮቹ መሀል ሊጥ ሆኖ ተጣበቀ፤ ወፍጮው ጮኾ ቆመ። ውሃውን ዘግተን፣ የላይኛውን በአጣና ፈንቅለን፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ስንፍቅ ቀኑ አለቀ። የተሰለፈው ሰው ይነጫነጫል። እኔም ንዴቴን እሷ ላይ ተወጣሁት።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄንን ለምን ታመጪያለሽ?»

«ጓያ እኮ ነው ጌታው። ውሃውን ካልደፋንለት ሰው ይሰብራል።»

«ይሁና፣ አድርቀሽ አምጪው።»

«በዚህ ዝናብ በምን ላድርቀው? ተራችን ማክሰኞ ነው ይሉኛል፣ ካለፈኝ ደግሞ ሳምንቱን ምን አበላለሁ? የእጅ ወፍጮዬንም አፍርሻለሁ።»

«እንግዲያው ሳትዘፈዝፊ አምጪው። ወፍጮው አድቅቆ ያወጣዋል፣ ሲበስል ይለቅቃል።»

ይሄንን ያልኩት እኔ ነኝ። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም፣ የትም አላነበብኩም። የመንግሥት ሰው ስለነበርኩ ያልኩት ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፣ ለእሷም መሰላት። በማግሥቱ ሳንቃ ላይ በጥቁር ቀለም «እርጥብ እህል አይፈጭም» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ቸነከርኩት። ማንበብ የማይችል ስለሚበዛ ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ጥሬ ጓያ ያመጣ ጀመር። ወፍጮው አንድም ቀን አልቆመም። አቶ መንገሻ በደብዳቤ አመሰገኑኝ።

ለሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሆነም፤ ሌላ እህል ስለነበረ ጓያው ተቀላቅሎ ነው የሚበላው። ከዚያ በልጉም ክረምቱም ተከታትሎ ከዳ። ማሽላው ተቃጠለ፣ ገብሱ አላዘረዘረም። የበቀለው ጓያ ብቻ ነው። ጠዋትም ማታም ጓያ ሆነ፤ ቂጣውም ሽሮውም። ወፍጮ ቤቴ በደንብ ይሠራ ስለነበር ራሴን እንደ ደግ ሰው እቆጥር ነበር፤ በክፉ ቀን ሕዝብ የማበላ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ወቅት ጋሽ እንድሪስ ዳገቱን በበቅሎ ወጥቶ ሊጠይቀኝ መጣ። የአረብኛ ጽሕፈት እንጂ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ሳንቃው ላይ የተጻፈውን አንዱን ሰው አስነበበ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ቋቱ ውስጥ እጁን ከተተ፣ አሸተተ፣ ምላሱ ላይ ነካ አደረገ።

«ጥሬ ጓያ ነው።»

«ዘንድሮ ሌላ እህል የለም ጋሼ።»

«ለምን ሊሆን ነው ብለህ ጠይቀሃል?»

«ስልሳ ሰው ተሰልፎ ማንን ልጠይቅ?»

«ስልሳውን።»

እሱ ወጥቶ በወፍጮ ቤቱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በእርምጃው ለካ። «እዚህ ቆጥ ሥራ። ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍረህ ፍም አድርግበት። ቆጡ ላይ ሰሌን አንጥፈህ የተዘፈዘፈውን እህል አስጣው፤ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ያባቴ ወፍጮ ነበረው። የሦስት ቀን ሥራ ነው ተክሌ፣ እንጨቱ እዚሁ አለ። ዛሬ ጀምረው።»

ለአቶ መንገሻ ጻፍኩ። መልሳቸው ቶሎ መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ወፍጮውን ሊጎበኙ ስለሆነ ቦዩ ይጠረግ፣ ግድግዳው ይለሰን፣ ወፍጮው አንድ ቀን እንዳይቆም፤ ስለ ቆጡ ከጉብኝቱ በኋላ እንነጋገራለን። ቦይ ጠረግኩ፣ ግድግዳ አስለሰንኩ። ይህ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። እንግዶቹም ቀሩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግዛው አህያውን እየነዳ መጣ። በእግሩ ጣት ቆሞ፣ ጉልበቱን እያጋጨ፣ ግራና ቀኝ እየተንገዳገደ ነው የሚራመደው። ቀልደኛ መሆኑን ስለማውቅ ሣቅኩ። የተሰለፈውም ሰው ሣቀ።

«ምነው ግዛው፣ የምን ጭፈራ ነው ዛሬ?» አልኩት።

ጆንያው ላይ ተደግፎ ቆመ። «እግሬ እምቢ አለኝ አቶ ተክሌ። ትናንት እርሻ ላይ ነው የጀመረኝ። እኔ አልቀለድኩም።»

በዚያው ወር ከዋንዛ ውሃና ከማዶው መንደር ሌሎችም ተከተሉት። አብዛኞቹ ጎልማሶች ነበሩ፣ የሚያርሱ፣ የሚሸከሙ፣ ብዙ የሚበሉ። ከደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የመጣ ድሬሰር ጉልበታቸውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ለእኔ ብቻ «ጓያ ነው የሰበራቸው፣ ይሄ አይመለስም» አለኝ። መንደሩ የየራሱን ምክንያት ያወራ ነበር። ገሚሱ የጓያ እንፋሎት ነው አለ፣ ገሚሱ የጓያ ገለባ ላይ ተኝተው ነው አለ። እኔም እንዲያ ሲሉ አላረምኳቸውም።

አቶ መንገሻ ራሳቸው ወረዱ። የደረሰውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳንቃውንም፣ ያልኩትንም። ካፖርታቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ተክሌ፣ ይህ ነገር በአንተ ስም ከወጣ ወፍጮዎቹ ሁሉ ይዘጋሉ። የአንድ ሰው ስሕተት ተብሎ አይቆምም» አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው አንድ ገጽ ጻፉና እንድፈርም ሰጡኝ። ፈረምኩ።

ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበና አቶ መንገሻ ወረቀቱን አነበቡለት። ሴቶች በአለማወቅ ጓያን ሳይዘፈዝፉ ስላበሉ አደጋው ደርሷል፣ ወደፊት እንዲጠነቀቁ ይሁን፣ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ግዛው በሁለት ዱላ ተደግፎ ከፊት ቆሟል። አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ እናቱ አዞረ። እትዬ አስካለ ግን እሱን አላየችም። የምታየው እኔን ነበር። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም፤ እንድናገር እየጠበቀችኝ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃኝ፤ ያቺው ጣርማ በር ዳገት ላይ የተናገርኳት። እኔ እግሬ ሥር ያለውን አፈር አየሁ። ስብሰባው ተበተነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግዛው ከእናቱ እጅ አልበላም። አንኮበር ከተማ ወዳለች አክስቱ ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። እናቱ ስንቅ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፣ እሱ ሳይነካው ትመለሳለች። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በወፍጮ ቤቴ በር ነበር የምታልፈው።

ቆጡን ሠራሁ። ሁለት ቀን ተኩል ነው የፈጀው። ማንም አልመጣም። «ወፍጮው ነው የሰበረን» ብለው እህላቸውን ጭነው በደጄ እያለፉ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃኑ ሞተር ይሄዱ ጀመር። ፍሙን እያነደድኩ ባዶ ሰሌን አሞቅኩ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ቦዩን ሲወስደው የሚጠግን ሰው ብጠራ አንድም ሰው አጣሁ። ሌሎቹም ወፍጮዎች በየተራ ቆሙ። አንዱ ድንጋዩ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ውሃው ለሌላ ተጠለፈ፣ አንዱ ሰው ራቀው። አቶ መንገሻ አዲስ አበባ ተሾሙ። እኔ ደብረ ብርሃን ቢሮ ተዛውሬ ደብዳቤ መዝጋቢ ሆንኩ። በሶው በከረጢት አልተሸጠም፣ ዘይቱ አልተጨመቀም። በቀይ እርሳስ የተሰመረው ካርታ ግድግዳው ላይ ቆይቶ አንድ ቀን ለቀለም ቅብ ሲባል ወረደና የት እንደገባ አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። የቀረው ዓይኑም ደክሟል። በድምፄ ለየኝ። ስለ ጤናው ስጠይቀው «አልሐምዱሊላህ» አለና ወዲያው «ነገርካት?» አለኝ። ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አልነገርኳትም ጋሼ።»

መቁጠሪያውን ከጉልበቱ አንሥቶ መቁጠር ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጡረታ ወረቀቴን በያዝኩ በሳምንቱ ወደ ዋንዛ ውሃ ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ የለውም። ሳንቃው በሩ ላይ የለም፤ አንዱ ማገዶ አድርጎት ይሆናል። የላይኛው ድንጋይ ቁጥቋጦ ውጦታል። እትዬ አስካለን ደጃፏ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ ገበቴ አለ፣ ገበቴው ውስጥ ጓያ ተዘፍዝፏል። ከጎኑ የእጅ ወፍጮዋ ቆሟል፤ አዲስ ተወቅሯል። አውቃኝ «ይግቡ» አለችኝ። አልገባሁም፤ እንደቆምኩ ተናገርኩ። ሳትዘፈዝፊ አምጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ አልኩ። ያንን ወረቀት እያወቅኩ ፈረምኩት አልኩ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፣ የኔ ነበር፣ አበላሸሁብሽ አልኩ። ግዛውም ይህን ከአፌ እንዲሰማ አንኮበር እወጣለሁ፣ የት እንዳለ ንገሪኝ አልኳት።

«ግዛው ባለፈው ፍልሰታ አረፈ» አለችኝ።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ጓያውን በእጇ ታማስላለች፤ ውሃው ቢጫ ሆኗል።

«እኔ እኮ ያንን ያለኝ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «የማያውቀው እሱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረስኩት ያን ዓመት ነው። ሲታመም እንኳ ሄጄ፣ አክስቱ ካልሆነች ብሎ አፉን ዘጋብኝ። ‹አቶ ተክሌ ናቸው ያሉኝ› ብዬው ነበር። አላመነኝም። የመንግሥት ወረቀት ሰምቷላ።»

ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አላለቀሰችም። እዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንቱ ነበር የምትለኝ። ገበቴውን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣችና ዓይኔን አየችኝ።

«ታዲያ አሁን ይሄንን የምትነግረኝ ለምን ሊሆን ነው?» አለችኝ።

ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋችና ሌላ ልትቀዳ ወደ ቤት ገባች።